ማስተዋል ከየት ይጀምራል?

ዝንጀሮ ያስባል፤ በሰሜን ሸዋ ቀወት ማሽላ የጠበቀ ሰው ይህን አይክድም። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ሳድግ ግሪሳው ጅራፍ ሲጮኽ ይበረግግ ነበር። ዝንጀሮው ግን ያጠናኛል፤ አንዱ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ ለምሳ ዞር ስል መንጋው እርሻው ውስጥ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች። መናገርማ ሰው መሳይዋ ሮቦት ሶፊያም ትናገራለች፤ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ነበር። በሶፍትዌሯ ሥራ አዲስ አበባ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት የአይኮግ ላብስ ወጣቶቻችን እጅ አለበት፤ ያኮራል። ዝንጀሮው ሲሳሳት ግን ድንጋይ ያርፍበታል፣ ግልገሉ ይራባል። ሶፊያ ብትሳሳት ምን ታጣለች? ለእኔ ማስተዋል የሚጀምረው የሚታጣ ነገር ካለበት ነው።

ማስተዋል ከየት ይጀምራል የሚለውን ጥያቄ መሐንዲስ ብቻውን አይፈታውም። ተመራማሪዎቻችን ሆይ፣ የመጻሕፍት መምህሩንም ማሽላ ጠባቂውንም አብራችሁ ጠይቁ።