ጎተራውን ከመቀየርህ በፊት

ልጄ፣ ማክሰኞ ማታ ከመካኒሳ ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚያመጣው መንገድ ሞተርሳይክልህን እየገፋህ ስትመጣ አገኘሁህ። ከኋላ አዲስ ባትሪ ከነካርቶኑ አስረሃል። «ጋሼ፣ በአራት ወር ውስጥ ሦስተኛዬ ነው» አልከኝ። ቀን ከሌት ዕቃ እያደረስክ ቤተሰብ የምትረዳ ልጅ፣ ለአንድ በሽታ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ገዝተሃል። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝና ይህን ጻፍኩልህ።

ምክሬ አንድ ነው፦ ሳትለካ አትግዛ።

የሞተርሳይክልን ቻርጅ እንደ ገበሬ ቤት አስበው። እርሻው በሞተሩ ጎን ሽፋን ውስጥ የተቀመጠው የመዳብ ጥቅል፣ ስታተሩ ነው። ማግኔቱ በዙሪያው ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ያመርታል። ምርቱ ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ፣ ኤሲ የሚባለው ስለሆነ ባትሪው እንዳለ አይቀበለውም። ሬጉሌተሩ ወፍጮ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ አስተካክሎ፣ ከልክ እንዳያልፍም ገድቦ ያቀብላል። ባትሪው ጎተራ ነው፤ ሽቦዎቹ መንገድ ናቸው። ጎተራዬ ባዶ ሆነ ብሎ ጎተራ የሚቀይር ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?

እኔ ግን እንዲያ አድርጌ አውቃለሁ። በአንተ ዕድሜ ሳለሁ በአንዲት አሮጌ ያማሃ ላይ ሁለት ባትሪ ጨረስኩ። ጥፋቱ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻሲው የሚሄደው፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት ሽቦ ዝገት ነበር። የሁለት ባትሪ ገንዘብ በአንዲት ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ይድን ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

አሁን ከጎተራው ጀምር። መጀመሪያ ባትሪው 6 ቮልት ይሁን 12 አንብብ፤ አሮጌ ሞተርሳይክል ላይ ሁለቱም ያጋጥማል። 6 ከሆነ የምነግርህን የባትሪ ቁጥር ሁሉ በግማሽ አስበው። ባትሪውን አውርደህ በቻርጀር ሙላው፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው፣ ከዚያ በቴስተር ለካው። ሙሉና ጤነኛ ከሆነ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ነው በለው። ሞልተኸው ሳይነካ በማግስቱ ከወረደ፣ ወይም የፊት መብራት ስታበራ ቁጥሩ ከተናደ ሞቷል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምርበት፤ የቧንቧ ውሃ ይጎዳዋል።

ባትሪው ደህና ሲሆን ሞተሩን አስነሳና የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ላይ አድርግ። ጋዝ ሳትሰጥ፣ በሚኒሞ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፤ እርሻው በዝግታ ሲታረስ ምርቱ ጥቂት ነው። በሣር ቤት መጨናነቅ ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆመህ የምትውል ከሆነ ባትሪህ የሚደክመው በዚህም ነው። ጋዝ ሰጥተህ በደቂቃ 4,000 ወይም 5,000 ዙር ሲደርስ ግን ከ13.5 እስከ 14.5 መውጣት አለበት። 12 ላይ ቆሞ ቀስ በቀስ ከወረደ ምርት እየደረሰ አይደለም። 15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ መገደብ አቅቶታል ማለት ነው፤ ባትሪውን ያፈላል፣ አምፖል ያቃጥላል። አዲስ ባትሪ በወር ውስጥ ሲሞት ይህንን ጠርጥር።

ምርት ካልደረሰ ከእርሻው በፊት መንገዱን እይ፤ ምንም ወጪ የለውምና። ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ከሬጉሌተሩ መውጫ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለውንም እንዲሁ ለካ። ሶኬቶቹን ፈትተህ አረንጓዴ ዝገት ወይም የጠቆረ ፕላስቲክ ካለ ተመልከት፤ የጠቆረው ቦታ ሙቀት የነበረበት ነው። የአዲስ አበባ ክረምት እዚያ ይገባል። በተለይ ለረጅም ጊዜ የቆመች ሞተርሳይክል ከሆነች ተጠንቀቅ። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በከተማችን በሞተርሳይክል ላይ ገደብ ከተጣለ ወዲህ በየግቢው ላስቲክ ለብሰው የቆዩ አሉ። የቆመ ባትሪ በራሱ ይወርዳል፣ ሳህኖቹም ነጭ ጨው ያበቅላሉ፤ የቆመ ሶኬት ይዝጋል።

መንገዱ ንጹህ ከሆነ ወደ እርሻው ሂድ። ሞተሩን አጥፋና የስታተሩን ሶኬት ንቀል። ሦስት ቢጫ ሽቦ ካገኘህ ሁለት ሁለቱን እያጣመርክ በኦም ለካ፤ ሦስቱም ልኬቶች ትንሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኦም በታች፣ እርስ በርሳቸውም እኩል መሆን አለባቸው። ከየትኛውም ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት መንገድ ካሳየህ ጥቅሉ ተቃጥሏል። እዚህ ላይ ግን አትቸኩል። ብዙ አሮጌ ትንንሽ ሞተርሳይክሎች የጥቅሉን አንድ ጫፍ ከፋብሪካው ጀምሮ ከብረቱ ጋር አስረውታል። በእነዚያ ላይ ወደ ብረት መንገድ መታየቱ ጥፋት አይደለም፤ ከቸኮልክ ጤነኛ ስታተር አስጥሎ ሌላ ያስገዛሃል። ቀጥሎ ሶኬቱ እንደተነቀለ ሞተሩን አስነስተህ በኤሲ ለካ፤ ጋዝ ስትሰጥ ቮልቱ ከፍ ማለት፣ ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነም በሦስቱም ጥንድ እኩል መሆን አለበት። ባዶ ሽቦውን በእጅህ አትንካ፣ ይመታል።

እርሻውም መንገዱም ደህና ከሆኑ የቀረው ወፍጮው ነው፤ ሬጉሌተሩን ያን ጊዜ ቀይር። አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይ፣ በተወለወለ ብረት ላይ እሰረው።

አንድ ነገር ይቀራል። ማታ ሞልቶ ያደረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ከሆነ ጎተራው ሥር አይጥ አለች። ቁልፉን ዝጋ፣ የኔጌቲቩን ሽቦ ንቀል፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገህ በሽቦውና በባትሪው መካከል አስገባው፤ ቁልፉን ግን እንዳትከፍት። አሮጌ ሞተርሳይክል ተዘግቶ ከጥቂት ሚሊአምፔር በላይ ሊወስድ አይገባም። ከወሰደ የሬጉሌተሩን ሶኬት ንቀል። ያን ጊዜ ፍሳሹ ከቆመ አይጧን አገኘሃት።

«ሞተሯ ትነሳለች፣ ምን ሆነች?» እንዳትለኝ። ብዙዎቹ አሮጌ ሞተርሳይክሎች ካንዴላቸውን የሚያቀጣጥሉት በተለየ ጥቅል ስለሆነ ባትሪው ሞቶም ይሄዳሉ። በሽታው የሚታወቀው ሲመሽ ነው። 35 ዋት የፊት መብራት ወደ 3 አምፔር ይበላል፤ 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ምርት ካላገኘ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ መኪና በሚበዛበት መንገድ ያለ መብራት ነህ። የምፈራልህ ይህንን እንጂ የባትሪውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ደግሞም ለመፈተን ብለህ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን አትንቀል፤ ሬጉሌተርና አምፖል አብረው ይሄዳሉ።

የለካኸውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ ሞተርሳይክሏ ጤነኛ በሆነችበት ቀንም ጻፍ። የጤናዋን ቁጥር የማያውቅ ሰው ሕመሟን አያውቅም።

አዲሱን ባትሪ ገና አትግጠመው። ቅዳሜ ጠዋት ቴስተሬን ይዤ እጠብቅሃለሁ፤ ሁለቱን አሮጌዎችም ይዘህ ና። ምናልባት የሞተ ጎተራ የለህም፤ ያልታየ መንገድ እንጂ።