የወረቀት ልጅ

ልጄ፣ ደላላው «ስምሽንም ዕድሜሽንም እኔ አስተካክለዋለሁ፣ አንቺ ፎቶ ብቻ አምጪ» ማለቱን እናትሽ ነገረችኝ። እኔ ዘንድ የመጣችው ዓረብ አገር ከመሄድ እንድከለክልሽ ነበር። አልከለክልሽም። የቤታችሁን ችግር አውቀዋለሁ፤ ሳይቸግርሽ ጤፍ ብድር ያልሽ ልጅ አይደለሽም። ሪያድም ሂጂ፣ ቤሩትም ሂጂ። በሌላ ሴት ስም ግን አትሂጂ። ለምን እንደምልሽ ለማስረዳት ከቻይናዎች መጀመር አለብኝ። ታገሺኝ፣ የሽማግሌ ወሬ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

አሜሪካ፣ ኦክላንድ በኖርኩበት ዘመን ጎረቤቶቼ ቻይናዎች ነበሩ። የብዙዎቹ አያቶች የመጡት ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ታይሻን ከሚባል ወረዳ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ፣ በዚያ ላይ ጦርነቱ አላባራ ያለበት አገር ነበር። በ1848 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ) ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ተባለ። ወንዱ እየተበደረ መርከብ ተሳፈረ፤ በ1852 ብቻ ወደ 20 ሺህ ቻይናዊ ሳን ፍራንሲስኮ ወረደ። ወርቁ የደረሰው ለጥቂቱ ነው። የቀረው የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የሰው ልብስ አጠበ፣ የሰው ወጥ ሠራ። ሴራ ኔቫዳ የሚባለውን ተራራ በባሩድና በመዶሻ የፈለፈሉት እነሱ ናቸው፤ ከነጩ ሠራተኛ ያነሰ እየተከፈላቸው፣ ቀለባቸውንም ከኪሳቸው እየቻሉ። በ1867 «እኩል ክፈሉን» ብለው በሺዎች ሥራ ሲያቆሙ አለቆቹ ስንቅ አቋረጡባቸውና በሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደ መዶሻቸው ተመለሱ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ አይደል? ሐዲዱ በ1869 አለቀ። በ1882 ደግሞ ያቺው አገር የቻይና ሠራተኛ ከእንግዲህ አይግባብኝ ብላ ሕግ አወጣች።

ነጋዴ ይገባል፣ ተማሪ ይገባል፣ የአሜሪካ ዜጋ ልጅ ይገባል፤ ሠራተኛ አይገባም። የእኔም ወሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ተከትሎ የተነሣው እሳት የልደት መዝገቡን በላው። መዝገብ ከሌለ ማን ማንን ይሞግታል? ብዙ ቻይናዊ «የተወለድኩት እዚሁ ነው» አለና ዜጋ ሆነ። ከዚያ አገሩን ጠይቆ በተመለሰ ቁጥር «ወንድ ልጅ ተወለደልኝ» ብሎ ያስመዘግባል። ልጁ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። የሌለው ልጅ ስም ለሌላ ሰው ልጅ ይሸጣል፤ ዋጋውም በዕድሜ ይሰላል፣ ለአንድ ዓመት ዕድሜ 100 ዶላር ገደማ። እንዲህ የገባውን «የወረቀት ልጅ» ይሉታል። ደላላ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

መንግሥቱም ሞኝ አልነበረም። ሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ ኤንጀል አይላንድ የምትባል ደሴት አለች፤ ከ1910 እስከ 1940 መጪውን እዚያ አስቀምጠው ይመረምሩት ነበር። አንዱ ቀናት፣ ሌላው ወራት፣ ጥቂቱም ከዓመት በላይ። በጀልባ ተሻግሬ አይቻታለሁ። የእንጨት ቤት ነው። ታሳሪዎቹ ብሶታቸውን በግጥም ግድግዳው ላይ ቀርጸውታል፤ ሹማምንቱ በስቱኮ ደፍነው ቀለም አስቀቡት። ቢሆንም የፊደሉ ቅርጽ ከቀለሙ ሥር ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። በ1970 ቤቱ ሊፈርስ ሲል አንድ የፓርክ ጠባቂ ግጥሞቹን አስተዋለና ቤቱ ከመፍረስ ተረፈ።

ምርመራው ምን ይመስል እንደነበር ልንገርሽ። አባት ተብዬውን ለብቻ፣ ልጅ ተብዬውን ለብቻ ያስቀምጡና ይጠይቃሉ። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? ሩዝ የምታስቀምጡበት ዕቃ በየትኛው ጥግ ነው? ከእናንተ ሦስተኛው ቤት ማን ይኖራል? ጉድጓድ ውሃው በየት በኩል ነው? ውሻ አላችሁ? አንዱ ስድስት ሌላው ሰባት ካለ፣ የመጣበት መርከብ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ መልሱ ሁሉ በደብተር ይጻፍለታል፤ መርከቡ ላይ ይሸመድደውና ከመድረሱ በፊት ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ደግሞ እኮ የእውነቱም ልጅ ይወድቅ ነበር! የቤቱን ደረጃ እየቆጠረ የሚያድግ ማን አለ? እናም እውነተኛው ልጅ እንኳ የገዛ ቤቱን እንደ ትምህርት ያጠና ነበር።

በዚያች ደሴት ካለፉት አንዱ ታይረስ ዎንግ የሚባል ሠዓሊ ነበር፤ «ባምቢ» በሚባለው በ1942 በወጣው የዲዝኒ ፊልም ላይ ያለው ጭጋጋማ ጫካ መልኩን ያገኘው ከእሱ ሥዕል ነው። በ1920 ከወለደው አባቱ ጋር ሲመጣ አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አባትና ልጅ ናቸው፣ ግን ሁለቱም በውሰት ስም ነው የመጡት። አባትየው ቀደም ሲል እዚያ ኖሮ ስለነበር ለቀቁት። ልጁ ግን ብቻውን ወር ያህል ደሴቷ ላይ ቀረ። 106 ዓመት ኖሮ ነው የሞተው፤ ያቺን ወር ግን እስከ መጨረሻው ይናገራት ነበር።

እኔ አልፈርድባቸውም። በሩ በግፍ ተዘግቶባቸው ነው በመስኮት የገቡት። ለአንቺ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋው ስለረዘመብሽ ነው መስኮት የምታማትሪው።

ቻይናዎቹ ከገቡ በኋላስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የክልከላው ሕግ በ1943 ተነሣ፤ የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ነበር፣ ለስም ያህል። የውሸቱ ስም ግን ከሰዉ ላይ አልተነሣም። ሚስት ያገቡት በእሱ፣ ልጅ ያስጠመቁት፣ ትምህርት ቤት ያስገቡት በእሱ። የአንድ እናት ልጆች በሁለት የአባት ስም ይጠራሉ። በ1956 መንግሥት «ተናዘዙና ወረቀታችሁን አስተካክሉ» ሲል ከ13 ሺህ በላይ ሰው ተናዘዘ። መከራው ግን አንዱ ሲናዘዝ የወንድሙም፣ የአጎቱ ልጅም ወረቀት አብሮ መፍረሱ ነው። ስንት ዘመድ ተኳረፈበት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ስንል ደስ ብሎን ነው፤ ለእነሱ ንጋቱ ራሱ አስፈሪ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እዚያ መቃብር ሄደሽ ብታይ አንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት ስም ታገኛለሽ፤ በፈረንጅ ፊደል የወረቀቱ፣ በቻይና ፊደል የእውነቱ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስምሽ ሌላ፣ ዕድሜሽ ስድስት ዓመት ተጨምሮበት ሄድሽ እንበል። አሻራሽ የሚያዘው በዚያች ሴት ስም ነው። ደመወዝ ከለከሉሽ፣ ታመምሽ፣ ፓስፖርትሽን ቆለፉብሽ። እናትሽ «ልጄ ጠፋችብኝ» ብላ ስምሽን ይዛ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር «በዚህ ስም የወጣ ሰው የለም» ይሏታል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ስልኩን ያጠፋው ደላላ በሌላ ሲም ሌላ ሴት ይመለምላል። ክፉውን ያርቀውና፣ ሬሳ እንኳ የሚላከው ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቻይናዎቹ ውሰጂ። ከመርከብ የሚወርደውን የወረዳው ሰው ወደብ ድረስ ሄዶ ይቀበለው ነበር፤ ማኅበራቸው ማደሪያ ይሰጣል፣ ሥራ ያፈላልጋል፣ ሲሞት ይቀብራል፣ ከዓመታት በኋላም አጥንቱን አስለቅሞ ወደ መንደሩ ይልካል። በእኛ ቋንቋ እድር ነው። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ። የምትሄጂበት ከተማ ያሉ እህቶች ማኅበር አላቸው፤ ሳትቸገሪ ተቀላቀያቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ነይና የልደት ካርድሽን ለማውጣት ወሳኝ ኩነት አብረን እንሄዳለን። የሚልክሽ ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው መሆኑን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄጄ እኔው አጣራለሁ። ውሉ ላይ የአሠሪሽ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ደመወዝሽ መጻፉን ሳታዪ አትፈርሚ፤ ኮፒው አንዱ እናትሽ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ሕጋዊው መንገድ ወራት ይፈጃል፣ ገንዘብም ይበላል፤ አውቃለሁ። እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣልኛል፣ የጎደለውን ከዚያ እንሞላዋለን።