ሉሕህን አምጣ እስቲ!

 

በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የበድር ዘመቻ እንዳበቃ፣ በሙስሊሞች እጅ ከወደቁት የቁረይሽ ምርኮኞች መካከል ለቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእነዚህን ሰዎች ቤዛ የአንሷርን ልጆች መጻፍ ማስተማር አደረጉት። ይህን ታሪክ በየዳዕዋው ሰምተነዋል፤ ኢስላም ለዕውቀት የሰጠውን ክብር ለማስረዳት ይነገራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ከኢብን ዐባስ የዘገቡት ወሬ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀር መጨረሻ አለው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አንድ ቀን እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ። አባቱም ምን እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ አስተማሪው እንደመታው ነገረው። አባትየው፣ ይህ ሰው የበድርን ቂም በልጄ ላይ እየተወጣ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ልጁም ሁለተኛ ወደዚያ ሰው እንዳይሄድ ማለ።

አባትየው መቆጣቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለዑለሞቻችን እተወዋለሁ። እኔን ያስገረመኝ ሌላው ነው። ልጁን ለዚያ ትምህርት የሰጡት ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። ከዚህ በላይ ዋስትና የት ይገኛል? ሆኖም ያ ሰሓባ «እንግዲህ የእኔ ድርሻ አበቃ» አላለም። ልጁ የሚማርበት ቦታ ምን እንደዋለ በዚያው ዕለት አወቀ። እኛስ?

በሐረር እንዲህ ያለ ወላጅ ጠፍቶ አያውቅም። ግን ለአንዱ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ልጁ ከቁርኣን ጌይ ሲመለስ «ሉሕህን አምጣ እስቲ፣ የት ደረስክ?» የማይለው ማነው? ፊደል ቆጥራ የማታውቅ አያት እንኳ ሱራውን በጆሮዋ ስለምታውቀው ምላሱ ሲስት ታርመዋለች። ካቢሩን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሲታመም ይጠየቃል፣ በበዓል ይታሰባል። ልጁ ያኸተመ ዕለት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ደስታውን ይካፈላል። ካቢሩ ያስተማረውን ቤት ያጸናል፤ ቤት የላላውን ካቢሩ ያጠብቃል። መጻሕፍት በእጅ ይገለበጡባትና ይጠረዙባት የነበረችው የእኛው ጀጎል የቆመችው በዚህ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ ስለ ሐረር ብዙ ክፉ የጻፈ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የመጽሐፍ ጥረዛዋን ግን ሳያደንቅ አላለፈም።

ወደ ሌላው ትምህርት ቤት ስንመጣ ግን ጠባያችን ይለወጣል። እህል ወደ ወፍጮ እንደሚልክ ሰው ልጁን እንልካለን፣ ዱቄቱን እንጠብቃለን። አንድ የካርድ ቀን፣ ስሙን ከማልጠራው ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ቆሜ ነበር። አንድ አባት የሁለተኛ ክፍል ልጁን ካርድ ተቀብሎ «ስንተኛ ወጣ?» ሲል ጠየቀ። «ዘጠነኛ» አለችው መምህርቷ። አባት «ማሻአላህ» ብሎ ሊወጣ ሲል አስቆመችውና «ግን ሐጂ፣ ልጅዎ ገና አያነብም» አለችው። ሰውየው አንዴ እሷን አንዴ ካርዱን አየ። «ታዲያ እንዴት ዘጠነኛ ወጣ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የዘገየ ከመሆኑ በቀር።

ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች፣ ሐረሪኛም አንዱ ሆኖ፣ የታዳጊ ልጆች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በሐረር ደግሞ የልጁ ሸክም ይከብዳል። ዐረብኛውን ፊደል ለቁርኣን፣ የግዕዙን ለአማርኛ፣ የላቲኑን ለኦሮምኛና ለእንግሊዝኛ፤ ገና ጥርሱን ሳይነቅል ሦስት ዓይነት ፊደል ይጋፈጣል፤ አንዱ ከቀኝ፣ ሌሎቹ ከግራ ይጀምራሉ። ዘይድ ኢብን ሳቢት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በግማሽ ወር ገደማ መማሩ ተዘግቧል። ዘይድ ግን ዘይድ ነው! የእኛ ልጆች የቅርብ ረዳት ይሻሉ።

ረዳቱ ማን ይሁን ሲባል «ጊዜ የለንም» እንላለን። እንተማመን እንጂ፤ ከዙህር በኋላ ለበርጫ ጊዜ አለን። ፍራሹ ተነጥፎ፣ ጫቱ ተበጥሶ፣ የዓለም ፖለቲካ እስከ መግሪብ ሲተነተን በዚያው ቤት ልጁ ደብተሩን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከዚያ ሰዓት ሩቡን ብቻ ለልጁ ብንሰጠው ምን እንጎዳለን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንን፣ ስለ መንጋችንም እንደምንጠየቅ ነግረውናል። አባትን ሲጠቅሱ «የትምህርት ቤት ክፍያውን ከከፈለ በቀር» አላሉም።

ትምህርት ቤቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። ወላጅ የሚጠራው ልጁ መስኮት ሲሰብር ወይም መዋጮ ሲፈለግ ከሆነ፣ ጥሪው በመጣ ቁጥር ወላጅ ኪሱን ይዳስሳል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይሰበሰባል፤ ስለ አጥርና ስለ ወንበር ይነጋገራል፤ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ስንቶቹ ማንበብ እንደማይችሉ ግን ሲነሳ አልሰማሁም። መምህሩና ካቢሩም ያንኑ ልጅ እያስተማሩ አንዴ ተገናኝተው አያውቁም። አፎቻዎቻችን ለሠርግና ለሐዘን ሰው ሁሉ የሚሰበሰብባቸው ናቸው። ከአፎቻው ቀን አንዱን መርጦ ሁለቱን አስተማሪዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥና «ልጆቻችን የት ደረሱ?» ብሎ መጠየቅ በጀት አያስፈልገውም።

«እኔ ራሴ ያልተማርኩ፣ ምን አውቄ?» ለሚሉ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ያደረጉትን ልንገራችሁ። ፊደል አያውቁም። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ የመጀመሪያ ክፍል ልጃቸው መጽሐፉን ይዞ ይቀርባል፤ እሳቸው ቡና እያፈሉ ያዳምጣሉ። ልጁ ገጹን እንደ ውሃ ይወርደዋል። አንድ ማታ እናት ተጠራጠሩ፤ ዓይኑ መጽሐፉ ላይ አልነበረምና። ጣታቸውን ከገጹ ታችኛው መስመር ላይ አኖሩና «ከዚህ ጀምርልኝ» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ከላይ ሲጀምር ይወርደዋል፤ ከታች ሲሆን አንዷንም ቃል አያውቃት። ለካስ ገጹን በሙሉ ሐፍዞታል! በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሩ አልተቆጣም። «እማማ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ስለሚሉት እኔም የሚያነብ መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መምህር ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሳ ከታችኛው መስመር ያስጀምራቸዋል፤ እናትየውም ማታ ማታ ጣታቸውን መሐል ገጽ ላይ ማኖራቸውን አልተውም።