ተረት ይዋሷል፤ አምልኮ ግን አይዋሱም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ አቴና በገባ ጊዜ ከተማይቱ በጣዖት ተሞልታ አይቶ መንፈሱ እንደ ተበሳጨ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 17 ተጽፎ እናገኛለን። ነገር ግን በአርዮስፋጎስ በቆመ ጊዜ ንግግሩን በስድብ አልጀመረም፤ መሠዊያቸውን ተመልክቶ፥ ከባለቅኔዎቻቸውም ቃል ጠቅሶ፥ ወደማያውቁት አምላክ መራቸው እንጂ። በልቡ ማዘኑና በአፉ መታገሡ ሁለቱም ለእኛ ትምህርት ናቸው። ዛሬ ለምንጽፈው ነገር መሠረት ያደረግነውም ይህንኑ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። በዘመናችን ብዙ ወጣቶች የጥንት ጽርአውያንን የአማልክት ተረት አንብበው ስለሚወዱት በራሳቸው ቃል እንደገና ይጽፉታል፥ ሥዕልም ይሥሉበታል። አሜሪካዊው ደራሲ ሪክ ራይርደን በ2005 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን) ማሳተም የጀመረው መጽሐፍ ባለታሪክ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ ጀግና ከፐርሴዎስ ነው። ማድሊን ሚለርም በ2018 ዓ.ም. ኪርኬ የምትባለውን የተረት ጠንቋይ ታሪክ ራሷ እንደምትናገረው አድርጋ ጽፋለች። ከአንባቢዎቻቸው ብዙዎቹ ማንበቡ ብቻ ስላልበቃቸው ታሪኩን ያለ ዋጋ፥ ለፍቅሩ ሲሉ ይቀጥሉታል። በውጭ አገር የሚያድጉ የምእመናን ልጆችም ይህን ተረት በትምህርት ቤት ይማሩታል። ስለዚህ ወላጆች የልጃቸውን የሥዕል ደብተር ይዘው ወደ ነፍስ አባታቸው እየመጡ፥ «አባታችን፥ ይህ ጣዖት ማምለክ አይደለምን? እናቃጥለውን?» ብለው ቢጠይቁ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛም ካህናት መልስ ልናዘጋጅ ይገባናል።

ለምሳሌ ከእነዚህ ተረቶች አንዱን እንመልከት። ይኸውም የአንድሮሜዳ ተረት ነው። ጽርአውያን እንደሚተርኩት ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፥ ሚስቱም ካሲዮፔያ ነበረች። ንግሥቲቱ ከባሕር ቆነጃጅት የሚበልጥ ውበት አለን ብላ ስለ ታበየች የባሕር አምላክ የሚሉት ፖሴይዶን ተቈጥቶ ታላቅ አውሬ ሰደደ። አገሩ እንዲድን ልጅቱ አንድሮሜዳ በባሕር ዳር ዓለት ላይ ታስራ ለአውሬው ተሰጠች፤ ፐርሴዎስም ደርሶ አውሬውን ገድሎ አዳናት። ጽርአውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን፥ ፊታቸው የጠቈረ ሰዎች የሚኖሩበትን ሰፊ ምድር ማለታቸው ስለሆነ፥ ተረቱን የራሳችን ታሪክ አድርገን ልንመካበት አይገባንም። ሌሎችም ልጅቱ የታሰረችው በኢዮጴ ነው ይላሉ፤ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የእስራቷ ምልክት በዚያ ይታይ እንደ ነበር ጽፏል። ኢዮጴም ሐዋርያው ጴጥሮስ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሳለ፥ እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል በራእይ የተማረባት ከተማ ናት።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ተረት ማንበብ ይገባልን? ቢሉ፥ አባቶቻችን የሠሩትን እንመርምር። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና የጠቀሰው ቃል ኪልቅያዊው አራጦስ ስለ ሰማይ ከዋክብት በጻፈው ቅኔ ውስጥ ይገኛል። ይህ ቅኔ ኬፌዎስን፥ ካሲዮፔያንና አንድሮሜዳን በከዋክብት መካከል የሚቈጥር ነው። ባለቅኔው ስለ ድያ የተናገረውን ሐዋርያው ወስዶ ስለ እውነተኛው አምላክ ተናገረበት፤ ቃሉን ተዋሰ፥ ድያን ግን አልተዋሰም።

ቅዱስ ባስልዮስም የጽርእን መጻሕፍት ስለ ማንበብ ለወጣቶች በጻፈው ድርሰት፥ ንብ ከአበባ የሚጠቅማትን ብቻ ቀስማ የቀረውን እንደምትተው እንዲያደርጉ መክሯቸዋል፤ ባለቅኔዎቹ የአማልክቱን ዝሙትና ጠብ ሲያወሩ ግን ጆሯቸውን እንዲመልሱ አዟቸዋል። ሙሴ አስቀድሞ የግብፅን ጥበብ መማሩንም ለምስክር አቅርቧል። ከሐዲው ዑልያኖስ በ362 ዓ.ም. ክርስቲያን መምህራን የጽርእን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ በከለከለ ጊዜ፥ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ክልከላውን አጥብቆ ነቅፏል። መጻሕፍቱን ከክርስቲያኖች እጅ ለማውጣት የፈለገው ጣዖት አምላኪው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም ማለት ነው።

የእኛም አባቶች እንዲሁ ሠርተዋል። የእስክንድርን ታሪክ ወደ ግእዝ ሲመልሱ ጣዖት አምላኪ የነበረውን ንጉሥ እግዚአብሔርን የሚፈራ፥ ንጽሕናንም የሚወድ አድርገው ተርከውታል። መጽሐፈ ፈላስፋን በ16ኛው መቶ ዓመት ከዓረብኛ መልሰው ከጽርእ ጠቢባን ለምግባር የሚረዳውን ለይተው አስቀርተዋል። ከጽርእ በተተረጐመው ፊሳልጎስም የፎኒክስ ወፍ ተረት የትንሣኤ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ስለዚህ ተረትን እንደገና መተረክ በቤታችን እንግዳ ነገር አይደለም።

የዛሬዎቹ ወጣቶች በሚሠሩት ውስጥም ሊመሰገን የሚገባው አለ። ታላቁ የኢጣልያ ሠዓሊ ቲሺያን ከ1554 እስከ 1556 ዓ.ም. ለስፔኑ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊልጶስ የሣላት አንድሮሜዳ ነጭ ናት፤ ሥዕሉ ዛሬ በለንደን ይገኛል። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ ግን ልጅቱ እንደ አገሯ ሰዎች ጠይም እንደ ነበረች ጽፎ ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የተባለችውን ጠይም አድርገው የሚሥሉ የዛሬ ልጆች አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ የተሰወረውን ገለጡ እንጂ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በዚያው በፐርሴዎስ ተረት ውስጥ ራሷን የተቈረጠች ሜዱሳ አለች። ኦቪድ እንደሚተርከው በመቅደስ ውስጥ በግፍ የተደፈረች ሴት ነበረች፤ ጣዖቲቱ አቴና ግን በዳዩን ትታ ተበዳይቱን ቀጣች፥ ጠጕሯንም እባብ አደረገችው። ሉቺያኖ ጋርባቲ የተባለ ሠዓሊ በ2008 ዓ.ም. ተረቱን ገልብጦ፥ ሜዱሳ የፐርሴዎስን ራስ ቈርጣ ይዛ የቆመችበትን ሐውልት ሠራ፤ በ2020 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከፍርድ ቤት ፊት ለፊት ለጊዜው ተተክሎ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት፥ «የተበደለችው ስለ ምን ትቀጣለች?» ብለው ነው። ልጆቻችንም በአንድሮሜዳ ላይ፥ «እናቲቱ ብትታበይ ልጅቱ ስለ ምን ትታሰራለች?» ብለው ይጠይቃሉ።

ምእመናን ሆይ፥ ይህን ጥያቄ እናስተውለው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይሞት ተናግሯል። በሐሰት የተከሰሰችውን ሶስናን እግዚአብሔር በብላቴናው በዳንኤል አፍ አድኗታል። እንግዲህ ጣዖታቱን የሚጠይቅ ልጅ ሳያውቀው በነቢያት መንገድ ላይ ቆሟል፤ በልቡ የተጻፈው ሕግ የድያንና የአቴናን ፍርድ ንቋልና። ደብተሩን ብናቃጥል ያን ጥያቄ አብረን እናቃጥላለን፤ እርሱም የሚመልስለትን በሌላ ቤት ይፈልጋል። ሐውልቱ የሰጠው መልስ ግን በቀል ነው፤ ራስ ስለ ራስ ተቈረጠ እንጂ እንባ አልታበሰም። ተበዳይን የሚያጸድቅ፥ በዳይንም ለንስሐ የሚጠራ መልስ በቤተ ክርስቲያን አለ፤ ልጁ ከእኛ ሊሰማው ይገባል።

ይሁን እንጂ አደጋ የለም አንልም፤ ሦስት ነገር ያስፈራናል። አንደኛ፥ ኀጢአትን ማጣፈጥ ነው። ሲኦልን ይገዛል የሚሉት ሐዴስ ፐርሴፎኔን በግድ መንጠቁ በዛሬ ድርሰቶች ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ፍቅር ሆኖ ይጻፋል፤ ባስልዮስ ጆሯችሁን መልሱ ያለው ስለ እንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛ፥ ከተረት ወደ ጸሎት መሻገር ነው። በዘመናችንም ለእነዚያ ጣዖታት የሚያጥኑና የሚለምኑ ሰዎች አሉና ድንበሩ በዚህ ላይ ይተከል፤ ስማቸውን በታሪክ ማንሣትና ስማቸውን መጥራት ልዩ ልዩ ነው።

ሦስተኛው ገድልንና ተረትን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። አንዳንዶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ከብሩታዊት ጋራ አይተው፥ «ይህ ፐርሴዎስ ነው፤ አንድሮሜዳም ይህችው ናት» ይላሉ። ቅዱሱ የተቀበረባት ልዳም ለኢዮጴ ቅርብ መሆኗን ይጨምራሉ። መልሳችን ቍጣ አይሁን፤ ልዩነቱን እናሳያቸው። ፐርሴዎስ አውሬውን ከመግደሉ በፊት ልጅቱን ሚስት አድርገው እንዲሰጡት ከወላጆቿ ጋራ ተዋዋለ፤ ዋጋውን አስቀድሞ ቈረጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ለራሱ ምንም አልጠየቀም፤ የዳኑትን ወደ እግዚአብሔር መለሳቸው፥ በኋላም ስለ ክርስቶስ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። የተረቱ ጀግና ሽልማት ተቀበለ፥ ሰማዕቱ ራሱን ሰጠ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከማቃጠላችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ሥዕሉን ተመልከቱ፤ «ይህች ለምን ታሰረች? ማንስ ይፈታታል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያረክሰውን በፍቅር አስተዉት። ካህናትም ገድሉንና ስንክሳሩን ልጆች በሚሰሙት ቋንቋ እንንገራቸው፤ ልጅ የሌላውን ተረት አብዝቶ የሚተርከው የራሱን ያልነገሩት እንደ ሆነ ነውና። ወጣቶችም ሆይ፥ የእጃችሁ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። የታሰረችውን ስትሥሉ የሚፈታትን አስቡ፤ እርሱም ከሩቅ አገር ለሽልማት የመጣ ጀግና አይደለም፤ ስለ እኛ ራሱ የታሰረ፥ እኛንም የፈታን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።