ሰዓት ዳኛ እንጂ መምህር አይደለም

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐቤቴ ሩጫ የሚወድ ልጅ ከውድድር ሲመለስ ከወላጁም ከጓደኛውም አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ? በስንት ገባህ?» እንዴት እንደሮጠ የሚጠይቀው የለም። የጥያቄው ቅደም ተከተል ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከበስተጀርባው አንድ ከባድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ከውጤቱ ውስጥ የልጁ የራሱ የሆነው የቱ ነው?

ሰዓት የማያዳላ እውነት ይመስላል። እስቲ በአንድ ልጅ ሰዓት ውስጥ ምን ምን እንዳለ እንመርምር። የመንዟ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከመቶ 30 ገደማ ያንሳል። እዚያ ደጋ ላይ የሮጠ ልጅና ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ቆላ ላይ የሮጠ የመርሐቤቴ ልጅ እኩል ሰዓት ቢያስመዘግቡ እኩል ሠርተዋል ማለት አይደለም። ለዚህ ማሞ ወልዴ ምስክር ነው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር። አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ ከገባበት ሰዓት በ8 ደቂቃ ይዘገያል። ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው ማሞን ደካማ ሊለው ይችላል፤ ወርቁ ግን የማሞ ነው።

በከፍታው ላይ ነፋሱን፣ ጭቃውንና ሳይበላ የታለፈውን ቁርስ ጨምሩበት። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ዕድገት ነው። በ14 ዓመቱ ጢም ያቀመቀመ ልጅ ገና ድምፁ ካልጎረነነ እኩያው ጋር በአንድ መስመር ሲቆም፣ ሰዓቱ በዋናነት የሚለካው ማን ቀድሞ እንዳደገ ነው። በታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ መደበቅ ሥር የሰደደውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ሰዓት ብቻ በሚከበርበት ሜዳ፣ ሰዓት ለማሻሻል የሚቀልለው መንገድ የልደት ዘመንን መለወጥ ነው። የሰውነት አያያዝን፣ የእጅና የእግርን ቅንጅት ግን በሐሰተኛ ወረቀት ማምጣት አይቻልም።

የጥንቶቹ ስቶይክ ፈላስፎች፣ ሲሴሮ እንደመዘገበው፣ ይህንኑ ጉዳይ በቀስተኛ ምሳሌ አስረድተውታል። ቀስተኛው ማድረግ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ በትክክል ያነጣጥራል፤ ቀስቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን ነፋሱም ዒላማውም የእርሱ አይደሉም። የቀስተኛው ግብ በሚገባ መወርወር ነው፤ ዒላማው መመታቱ ደግሞ ደስ የሚል ውጤት ነው። ይህ የሰነፍ መጽናኛ አይደለም። እንዲያውም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ስቶ «ነፋሱ ነው» የሚለውንም፣ በዕድል መትቶ የሚኮራውንም እኩል ይጠይቃል፤ አወራወርህ እንዴት ነበር?

ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ የተወለደው አበበ ይህን በተግባር አሳይቶናል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንዘልለው ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ከአሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው አጥንተው ነበር፤ ያኔ ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቅ ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት አይተው፣ ፍጥነት የሚጨመርበት ቦታ ያ እንዲሆን ወስነዋል። ዋናው ተፎካካሪ ሞሮኳዊው ራዲ 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ለአበበ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን የለበሰው 185ን ነው። አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ የሌለ 26 ቁጥር ፊቱ እየፈለገ ሮጠ። ስለ ተፎካካሪው የያዘው መረጃ ስሕተት ነበር፤ ስለ መንገዱና ስለ ራሱ ሰውነት ያዘጋጀው ግን አልከዳውም። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ተፈተለከ፤ ራዲን በ25 ሰከንድ ቀደመው።

የውሃ ዋና ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ የዋናተኛ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የውሃው ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሰውነቱን ማስተካከል ያልተማረ ልጅ በታገለ ቁጥር ውሃው ይታገለዋል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ኢትዮጵያዊው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻው ሲሆን፣ ብዙ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ተሳለቁበት። ከቁጥሩ ጀርባ የባሕር በር የሌላት፣ የመዋኛ ገንዳዎቿ በአብዛኛው በሆቴል ግቢ የታጠሩ አገር እንዳለች ሰዓቱ አይናገርም። የተሳለቀው ሰው ያየው ፍሬውን ነው፤ ዛፉ የት እንደተተከለ አልጠየቀም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልናልፈው አይገባም። ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ የአባቱን ስም የማይጠይቀው ብቸኛ ዳኛ ሰዓት ነው። ክለብ የሚገባው በሰዓት ነው፤ ደመወዝ፣ ለእናቱም ቆርቆሮ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሰዓትን ከሜዳው እናስወጣ የሚል ሰው ድሃውን ልጅ ይጎዳዋል። ይሁን እንጂ ዳኛ ፍርድ የሚሰጠው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሰዓት አንድ ልጅ እንደዘገየ ይነግረዋል፤ ለምን እንደዘገየና ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። በ20 ዓመቱ ፍትሐዊ የሆነው ፍርድ በ13 ዓመቱ ሲሰጥ ያልበሰለን እንደ ማጨድ ነው። መንዞች ይህን ያውቃሉ። የጓሳን ሣር አባቶቻቸው ለዓመታት ከልለው፣ ማንም እንዳያጭደው ጠብቀው፣ ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ ብቻ ይከፍቱት ነበር። በየጊዜው ቢታጨድ ኖሮ ዛሬ ጓሳ ባልኖረ።

እንግዲህ አሠልጣኙ ምን ይመልከት? በመጨረሻው 200 ሜትር የልጁን ትከሻ ይመልከት። ሲደክመው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ጡጫው ይጨበጣል፤ አገጩ ወደ ሰማይ ይቀናል፤ እግሩ ከሰውነቱ ፊት ርቆ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይሆንበታል። «ጨምር! ጨምር!» ብሎ መጮህ ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። «እጅህን ፍታ፤ ትከሻህን ጣል» የሚል ቃል ግን ልጁ ወዲያው ሊፈጽመው የሚችለው፣ ነገም ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። እንቅልፉ፣ ማሟሟቂያው፣ ከሩጫ በኋላ የሚያደርገው ማፍታቻ ሁሉ በእጁ ናቸው። አበበም ቶኪዮ ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ እንደገባ ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አይቶታል።

ከመቶ የደጋ ልጆች ኦሊምፒክ የሚደርስ አንድ ላይኖር ይችላል። ሰዓትን ብቻ ያስተማርናቸው ሰዓቱ ሲያቆም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። መዘጋጀትን፣ ጉድለትን ለይቶ ማረምን የተማሩ ግን በእርሻም፣ በትምህርትም፣ በንግድም የሚያገለግላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ወላጅም መምህርም ሆናችሁ አሠልጣኝ፣ ልጁ ከሜዳ ሲመለስ አስቀድማችሁ «ዛሬ ምን አስተካከልህ?» በሉት። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ጠይቁት።