ታማኝነቱ ለማን ነው?

አሮጌ ቴፕ ሪኮርደር ቤቱ ያለው ሰው የመሣሪያውን ግንባር ልብ ብሎ አይቶት ያውቅ ይሆን? ከድምፅ ማስተካከያው በላይ በብርማ ፊደል «ሃይ ፋይ» ተብሎ የተጻፈበት ብዙ ነው። ቃሉን «ጥሩ ድምፅ» ብለን ተረድተነው ኖረናል። ሲፈታ ግን «ከፍተኛ ታማኝነት» ማለት ነው። መሣሪያው ለባለቤቱ ቃል ይገባል፤ ዘፋኙ ያወጣውን ድምፅ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስልሃለሁ፣ ከራሴ አንዳች አልቀላቅልበትም ይላል። የመልካም መልእክተኛ ወግ ነው።

«ሎ ፋይ» የሚባለው ሙዚቃ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ዝቅተኛ ታማኝነት»። ራሱን በአደባባይ «እኔ አልታመንም» ብሎ የሚጠራ ነገር በሚሊዮን የሚቆጠር ወዳጅ ማፍራቱ፣ ለእኔ ከሙዚቃ ጥያቄነቱ ይልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄነቱ ይበልጥብኛል።

ላልሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዝግ ያለ ከበሮ አለ፤ ጥቂት የፒያኖ ወይም የጊታር ድምፆች ዞረው ዞረው እዚያው ይመለሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኝ የለም። ከሁሉም በላይ ግን ሽ... የሚል የካሴት ድምፅ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል የሸክላ ጭረት ከላይ ተነጥፎበታል። ዩቲዩብ ላይ ከፈረንሳይ አገር የሚተላለፍ በዚህ ሙዚቃ የታወቀ ጣቢያ አለ። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የደፋች ልጅ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ ይታያል፤ ድመቷ አብራት አለች፤ ሙዚቃው ሌት ተቀን ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በሐሰተኛ የባለመብትነት አቤቱታ ሳቢያ ሥርጭቱ ሲቋረጥ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ሳያርፍ የቆየ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ይወደዳል ቢባል ቀላሉ መልስ ይታወቃል። ቃል ስለሌለው ከሚነበበው ቃል ጋር አይጋጭም። ስለሚደጋገም ጆሮ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ስሙኝ አይልም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ስለ ሽሽታው የሚነግረን ነገር የለም። ዝግ ያለና ቃል የሌለው ሙዚቃ ጥርት ብሎም ሊቀረጽ ይችላልና።

በኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ የምትማር የእህቴ ልጅ አለችኝ። ሌሊት ስታጠና ይህንኑ ትከፍታለች። «ይሄ ሽሽታ አይረብሽሽም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱ ከሌለማ ክፍሉ ባዶ ይሆንብኛል» አለችኝ።

መልሷ ብዙ አሳሰበኝ። ምክንያቱም ያ ክፍሉን የሚሞላላት ሽሽታ ከአንድም ካሴት ላይሆን ይችላል። በኮምፒዩተር የሚጨመር ነገር ነው። አይዞቶፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ «ቫይናል» የሚል ፕሮግራም አውጥቷል፤ አቧራውን በአንድ ቁልፍ፣ ጭረቱን በሌላ ቁልፍ ትጨምራለህ፤ የ1930ዎቹን ሸክላ ትፈልግ እንደሆነ የ1970ዎቹን፣ ዘመኑን እንኳ ትመርጣለህ። ጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ፊቱ ላይ ጠባሳ ቢያሠራ ምን እንለዋለን?

ጠባሳው መጀመሪያ እውነተኛ ነበር። በ1987 ኢ-ሙ የተባለ ኩባንያ ኤስፒ-1200 የሚባል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከሸክላ ላይ ድምፅ ቆንጥሮ እየወሰደ ደጋግሞ የሚያጫውት ሳጥን ነው። የማስታወስ አቅሙ ግን በጠቅላላው አሥር ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነበር። የኒውዮርክ የሂፕ ሆፕ ልጆች ብልሃት ፈጠሩ። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 እያስሮጡ ይቀዱታል፤ ድምፁ ስለሚያጥር ቦታ ይቆጥባል፤ ኋላ መሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። በዚህ መሐል ድምፁ ይሻክራል፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻካራነቱን ፈልገው አልነበረም፤ አሥር ሴኮንድ አልበቃ ብሏቸው እንጂ። ሁለቱ የዘመኑ የሎ ፋይ «አባቶች» የሚባሉት፣ የዲትሮይቱ ጄ ዲላና የቶኪዮው ኑጃቤስ፣ ያደጉት በዚያ ሻካራ ድምፅ ነው። የሚገርመው ሁለቱም የካቲት 7 ቀን 1974 የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም በጎልማሳነታቸው ሞቱ። ዲላ «ዶናትስ» የተባለው ሥራው በሠላሳ ሁለተኛ ዓመት ልደቱ ዕለት በወጣ በሦስተኛው ቀን ነበር ያረፈው።

ታዲያ የዛሬው ልጅ ሽሽታ እየገዛ ሲያነጥፍ ዋሾ ነው? ቶሎ መፍረድ አልወድም፤ የሚያስቆመኝም በገና ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ ላይ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ አውታሩ ሲመታ ጥርት ብሎ እንዳይጮህ፣ እዝዝ እንዲል ማድረግ። እንዚራውን ብታወጣው ድምፁ ይጠራል፤ በገናነቱ ግን ይቀራል። እንግዲህ አባቶቻችን የጠራውን ድምፅ ያውቁት ነበር፤ አውቀውም ሻካራውን መረጡ፤ ያውም ለዐቢይ ጾም፣ ለጸሎት። በጸሎት ሰዓት ውሸት የፈለገ አልነበረም። ስለዚህ ድምፅን አውቆ ማሻከር በራሱ ሐሰት ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። የበገና እዝዝታ ሌላ ነገር ነኝ አይልም። የኮምፒዩተሩ ሽሽታ ግን «እኔ አሮጌ ነኝ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስዞር የኖርኩ ነኝ» ይላል። ያልኖረውን ዕድሜ ይናገራል።

ስለ ዕድሜ ካነሣን ስለ ድህነትም ማንሣት ግድ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 መጀመሪያ ኒው ጀርሲ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ቲያክ በተባለ ባለ አራት መሥመር የካሴት መቅረጫ ብቻውን ዘፈኖቹን ቀረጸ። ለማስታወሻ ያህል ነበር። ኋላ ከባንዱ ጋር በትልቅ ስቱዲዮ ሞከረው፤ አልጣመውም። ሽፋን እንኳ ያልነበራትን፣ ኪሱ ውስጥ ይዟት የሚዞረውን ያችኑ ካሴት «ነብራስካ» ብሎ አሳተማት። ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ያኔ ስፕሪንግስቲን ዝነኛ ነበር፤ ስቱዲዮው በሩ ክፍት ነበር። ሰውየው ጾመ እንጂ አልተራበም። እንጀራ ሞሶብ ሞልቶ ሳለ አልበላም ማለት ክብር አለው። ሞሶቡ ባዶ የሆነበትን ሰው ግን «እንዴት ያለ ጸዋሚ ነው!» ብለን ብናደንቀው ቧልት ይሆናል።

የእኛ አገር ሽሽታ የረሃብ እንጂ የጾም አልነበረም። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ለውጡም፣ ሰዓት እላፊውም መጣ፤ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ካሴትን ያላየ ትውልድ ስላለ ላስታውስ። ሙዚቃ ቤት ሄደህ ባዶ ካሴት ታስቀዳለህ፤ ጓደኛህ ካንተ ይቀዳል፤ የሱ ጎረቤት ከሱ ይቀዳል። በእያንዳንዱ ግልባጭ ቀጭኑ ድምፅ እየተበላ፣ ሽሽታው እየወፈረ ይሄዳል። የሚሰበረውን ሰብረህ፣ የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ጠቅጥቀህ ሌላ ትቀዳበታለህ። በቢክ እስክርቢቶ ታጠነጥነዋለህ። አራተኛ ወይም አምስተኛ ግልባጭ ላይ ዘፋኙ ከውኃ ጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። በዚህ ዓይነት ካሴት ስንት ሰው አለቀሰ፣ ስንት ሰው ተዳረ!

በዚያ ዘመን ያስቀረጹ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ሲያወሩኝ ታዲያ የወጣቶቹ ፍቅር ብዙም አላስደሰታቸውም። ባንዱ ሁሉ በሁለት ማይክሮፎን ዙሪያ ተኮልኩሎ፣ ስህተት ቢኖር ለመድገም ጊዜ ሳይኖር ነበር የተቀረጸው። እሳቸው የፈለጉት ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ አላገኙትም። ዛሬ ልጆች መጥተው «የሚያምረውማ ይህ ጉድለቱ ነው» ሲሏቸው፣ የተቀደደ ኮታቸው እንደተመሰገነላቸው ሰው ሆነው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ትክክል ነው እላለሁ። እንደ እሳቸው ላለ ሰው ዛሬ በኮምፒዩተር ሽሽታውን አጥቦ፣ ያኔ የተነፈገውን ጥራት መስጠት ዕዳ መክፈል እንጂ ታሪክ ማበላሸት አይደለም።

ሁሉም ቅጂ ግን እንደዚያ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ ጀርመን አገር የፒያኖ ሸክላ ያሳተሙ ሰው ነበሩ፤ ጥርት ያለ ቅጂ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ኢየሩሳሌም ባረፉ ማግሥት፣ በ2024፣ «ሱቬኒር» በሚል ርዕስ የወጣው ሥራቸው ግን ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቤታቸው ውስጥ በተራ ካሴት መቅረጫ፣ በገዛ ድምፃቸው እየዘፈኑ ያስቀሩት ነው። ከመዝሙሩ መሐል ከደጅ ወፎች ይሰማሉ። ለእነዚያ ወፎች ማን ከፈላቸው? ማንም። ነገር ግን አንዲት መነኩሲት፣ በዚያ ክፉ ዘመን፣ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ አገር እንደዘመሩ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ሃይ ፋይ ለድምፁ ታማኝ ነው ብለናል። ይህ ቅጂ ደግሞ ለሰዓቱ ታማኝ ነው።

እኔን በዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እንዲህ ያለ አንድ ካሴት ነው። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስልክ ውድ ስለነበር ድምፅዋን በካሴት ቀርጻ በመንገደኛ እጅ ትልካለች፤ ቤተሰቡ ቡና ተፈልቶ ተሰብስቦ ይሰማል። «ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ አታስቡ» ትላለች። አያቴ ታለቅሳለች፣ እናቴ «ተመስገን» ትላለች። በቅርቡ ካሴቱን አግኝቼ በማዳመጫ ሰማሁት። ከድምፅዋ ኋላ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ አለ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ናት ማለት ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለው ሌሊት ስለሆነ ሊሆን ይችላል። «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» ካለች በኋላ አንድ ደወል ይጮኻል። ቀጭ ይላል፤ ካሴቱ ይቆማል። እንደገና ሲጀምር ትንፋሿ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ወሬዋንም ካቆመችበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ ትቀጥላለች። ደወሉ አራት ጊዜ ይጮኻል። ቃሏ ሁሉ ስለ እኛ ሲል የተለሰነ ነው፤ እውነቱን የተናገረው ማቀዝቀዣውና ደወሉ ነው።

የእህቴን ልጅ ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን የሚያደርግላት የኮምፒዩተር ሽሽታ፣ ምናልባት የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው። እዚያ ቤት ሰው አለ የሚል ድምፅ ነው። ሰው የለም፤ ድምፁ ግን አለ። ሌሊት ብቻዋን ለምታጠና ልጅ ይህን ያህሉን ልነፍጋት አልችልም፤ በጠፋው ሰው ቦታ ግን እንዲቀመጥ አልፈቅድለትም።

ካሴቶችን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ወጣት ዘንድ ሁለት ይዤ ሄድኩ፤ አንድ የዘፈን፣ አንድ የአክስቴን። ባለሙያ ልጅ ነው። ሽሽታውን የሚያጥብ ፕሮግራም አለው፤ ጥቂት ሴኮንድ ባዶውን ሽሽታ ያስጠናውና ከቀረው ሁሉ እሱን የመሰለውን ያወጣል።

«ላጽዳቸው?» አለኝ።

«ዘፈኑን አጽዳው፤ እንዳቅምህ አሳምረው።»

«ደብዳቤውስ? ይሄ ፍሪጅ እኮ በደንብ ይወጣል። ደወሉንም በየቦታው ቆርጬ ልጥለው እችላለሁ።»

«እሱን እንዳለ» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ካሴቱን አስገባው።