መተግበሪያው ይቆይ፣ መጀመሪያ ክምሩን እይ

ልጄ፣ የቡና ገበሬን ከገዢ ጋር በስልክ የሚያገናኝ መተግበሪያ ልሠራ ነው ማለትህን ሰማሁ። ሐሳብህ ደግ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተርህን ከመክፈትህ በፊት ይርጋጨፌ ወርደህ ከአንድ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጓሮ ቁም። ሽታው ራሱ ይመራሃል። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ቡና ይፈለጋል፤ የቀረው ልጣጭ፣ ዝልግልጉ፣ ገለባና ውሃ ነው። ልጣጩ ይከመራል፣ እጣቢው ወንዝ ይገባል፣ ከታች ያለው ሰው ከብቱን ከዚያው ወንዝ ያጠጣል።

እኔ ብሆን ከዚያ ክምር እጀምር ነበር። ልጣጭ ውሃ ያዘለ ስለሆነ ብቻውን ከተተወ ታፍኖ ይሸታል። ደረቅ ጭድና ፍግ ቀላቅለህ፣ እያገላበጥህ አየር ካስገባህለት ግን ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። አንድ እፍኝ ዘግነህ ጨምቀው፤ በጣቶችህ መሃል ውሃ ካንጠባጠበ ደረቅ ጨምርበት፣ ከተፈረፈረ ውሃ አርከፍክፍበት። ወደ ኮምፖስት እንዲለውጥልህ ለቀይ ትል የምትሰጥ ከሆነ ትኩሳቱ እስኪወጣለት ጠብቅ፤ አለዚያ ትሉ ያልቅብሃል። ይህን እጅ እንጂ ስልክ አይነግርህም።

ስልኩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የትኛው ጣቢያ ምን ያህል ልጣጭ አለው? የትኛው ማኅበር ኮምፖስት ይፈልጋል? የቱ መኪና ባዶውን ይመለሳል? ኮምፖስት ከባድ ዕቃ ነው፣ ትርፉን የሚበላው ጭነት ነው፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውን ገዢ ያወቀ ያተርፋል። ሒሳቡን በቴሌብር ማወራረድ ይቻላል። አደራህን፣ አገልግሎቱን በድምፅ አድርገው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር መስመር በነጻ፣ በተራ ስልክ፣ በአገር ቋንቋዎች ስለሚያናግር ብዙ ገበሬ ደውሎበታል። ስማርት ስልክ የሌለውን የሚያስቀር ነገር ገጠር ላይ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ቢገፋም፣ በዚሁ የተነሳ የማሳዎች መገኛ በካርታ እየተመዘገበ ነው። ያ ካርታ ለላኪ ብቻ አይቅር፤ የትኛው ማሳ ስንት ጭነት ኮምፖስት እንደገባለት ገበሬው ይመዝግብበት። መረጃው የእርሱ ነውና ሳታስፈቅደው ለነጋዴ እንዳትሸጥ፤ በዚህ ቀልድ አላውቅም።

ለቀማው ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ሁለት ጣቢያ ምረጥና ልጣጫቸውን ለመውሰድ ተዋዋል።